ነፋሱ ሌላ ቦታ የቀረ ሞገድ፦ «ግራውንድስዌል» ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የውጭ ዜና ወደ አማርኛ የሚመልሱ ባለሙያ ናቸው። በእንግሊዝኛ ዘገባዎች ውስጥ የሕዝብን አስተያየት ለመግለጽ «ግራውንድስዌል» የሚባል ቃል ደጋግሞ ይገጥማቸዋል። አንድ ባልደረባቸው «የመሬት እብጠት» ብሎ ተረጎመው። ሌላው «ሕዝባዊ ማዕበል» አለው። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ተከራከረ። ቃሉ ከየት መጣ? የባሕር ቃል ከሆነስ ምን ዓይነት ሞገድ ነው? «ታይድ» ከሚባለውስ በምን ይለያል?

እኔ ለመርከብ መኮንኖች የባሕርን የአየር ጠባይና የሞገድን ነገር የማስተምር ሰው ነኝ፤ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። ደግነቱ ይህ ቃል ምሥጢሩ ያለው መዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይሆን ባሕሩ ላይ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ቃሉ የመርከበኞች ቃል ነው። ሁለት ቃላት ተጋጥመውበታል። የመጀመሪያው ዛሬ «መሬት» ተብሎ የሚተረጎመው ሲሆን፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «ሥር፣ ወለል፣ የጥልቁ መጨረሻ» ማለትም ነበር። መርከብ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ የሚሉት ቃል ዛሬም ይህንኑ ትርጉም ይዞ ይገኛል። ሁለተኛው የውኃው ገጽ አብጦ ከፍ ማለቱን ይናገራል። አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ሩቅ ቦታ በነበረ አውሎ ነፋስ ተወልዶ፣ የወለደው ነፋስ ከሞተ በኋላ ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ፣ ረጅምና ጥልቅ ሞገድ ማለት ነው። እንግዲህ ጋዜጠኛው «የሕዝብ አስተያየት ግራውንድስዌል» ሲል፣ ቃሉን አውቆት ከተጠቀመበት፣ «ትልቅ የሕዝብ ቁጣ» ማለቱ አይደለም። «ከሩቅ የተነሣ፣ ውስጥ ውስጡን ሲጓዝ የኖረና አሁን ዳር የደረሰ ስሜት» ማለቱ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡ ክርክር መነሻ አለው። አንዳንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ራሳቸው «በሩቅ አውሎ ነፋስ ወይም በመሬት መናወጥ የሚመጣ» ብለው ይፈቱታል። ይሁን እንጂ ከባሕር በታች የሚደርስ መንቀጥቀጥ የሚፈጥረው ሱናሚ ሌላ ፍጥረት ነው። በጥልቅ ውቅያኖስ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል፤ አንዱ የሞገድ ጫፍ አልፎ ቀጣዩ ጫፍ እስኪመጣ ያለው ጊዜም በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ አሥር፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ። የእኛው ሞገድ ግን የነፋስ ልጅ ነው። ጊዜው በሰከንድ ይቆጠራል።

ነፋስ በውኃ ላይ ሲነፍስ የሚያነሣው ሞገድ ስንትና ስንት ዓይነት ነው፤ አጭሩም ረጅሙም፣ ወዲህም ወዲያም የሚሄደው ይደባለቃል። ነፋሱ የቱን ያህል በረታ፣ ስንት ሰዓት ነፈሰ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ክፍት ውኃ አገኘ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች የሞገዱን መጠን ይወስናሉ። አውሎ ነፋሱ ባለበት ቦታ ባሕሩ ነጭ አረፋ ለብሶ የተተራመሰ ነው፤ ቅርጽ የለውም። ሞገዶቹ ከነፋሱ ክልል ከወጡ በኋላ ግን ራሳቸውን መደርደር ይጀምራሉ። በጥልቅ ውኃ ላይ ረጅሙ ሞገድ ከአጭሩ ይፈጥናልና። በሁለት ጫፎቹ መካከል 20 ሰከንድ ያለው ሞገድ ጉልበቱን ይዞ በሰዓት ወደ 56 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ 10 ሰከንድ ያለው የዚያን ግማሽ ብቻ ነው የሚሄደው። ከአውሎ ነፋሱ 5,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የባሕር ዳርቻ ረጅሙን ሞገድ በአራተኛው ቀን ገደማ ሲቀበል፣ አጭሩን የሚያየው ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱም እስከዚያ ድረስ በመንገድ ካልደከመ። መርከበኛው «ስዌል» የሚለው ይህን ተደርድሮ፣ ተስተካክሎ፣ ለስልሶ የሚመጣውን ሞገድ ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ የክረምቱ ነፋስ ገና ሳይነሣ፣ ከሶማሊያ ጠረፍ ርቆ በሕንድ ውቅያኖስ የሚሄድ የጭነት መርከብ ድልድይ ላይ ቢቆሙ ይህን በዓይንዎ ያዩታል። ነፋስ የለም። ባሕሩ ላይ አንዲት ነጭ አረፋ አይታይም። ነገር ግን ካርታው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው እርሳስ በዝግታ ወደ አንድ ወገን ይንከባለላል፤ ጠርዙ ጋ ደርሶ ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ወደ ውጭ ቢመለከቱ ሞገዱን ለይተው ማየት ይቸግርዎታል፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱ ግን ሦስትና አራት መቶ ሜትር ስለሆነ ተዳፋቱ ለዓይን አይያዝም። ልምድ ያለው መኮንን ሰዓቱን አውጥቶ ይቆጥራል። አሥራ ስድስት ሰከንድ። ከወዴት እንደሚመጣም ያያል፤ ከደቡብ። ያን ጊዜ ከአንታርክቲካ በላይ ባለው ባሕር፣ ከቀናት በፊት፣ ከባድ አውሎ ነፋስ እንደነበረ ያውቃል። አውሎ ነፋሱን ያየው ሰው ላይኖር ይችላል።

የዚህ ጉዞ ርዝመት ለረጅም ጊዜ ግምት ብቻ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ገደማ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በኮርንዎል ጠረፍ፣ ፔንዲን በሚባል ስፍራ፣ ባሕሩ ሥር የግፊት መለኪያ አስቀምጠው ከደቡብ አትላንቲክ ድረስ የመጡ ሞገዶችን ለይተው መዘገቡ። ከሁሉም የላቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1963 የውቅያኖስ ተመራማሪው ዋልተር መንክና ባልደረቦቹ ያደረጉት ነው። ከኒው ዚላንድ ተነሥተው በሳሞኣ፣ በፓልሚራ ደሴትና በሃዋይ በኩል እስከ አላስካዋ ያኩታት ድረስ መለኪያ ዘረጉ፤ በሰሜኑ ሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል መሬት ስላልነበረ በቁሙ ተገትሮ የሚንሳፈፍ «ፍሊፕ» የተባለ የምርምር መርከብ አቆሙ። በአንታርክቲካ አጠገብ የተነሣ አውሎ ነፋስ የወለደው ሞገድ 10,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ አላስካ ሲደርስ፣ በጉዞው ምክንያት ያጣው ጉልበት እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ብዙውን ያጣው እዚያው አውሎ ነፋሱ አጠገብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ማንም ሳያየው ማለት ይቻላል ያልፈዋል።

አሁን «ወለል» የሚለው ቃል ለምን እንደገባ እንምጣ። ሞገድ ከታች ያለውን ወለል የሚነካው ጥልቀቱ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ በታች ሲሆን ነው። የአምስት ሰከንድ ሞገድ ርዝመቱ 40 ሜትር ያህል ስለሆነ ወለሉ የሚሰማው 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ነው። የ20 ሰከንዱ ርዝመት ግን 600 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ገና 300 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለ ወለሉን መንካት ይጀምራል። ሲነካም ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ይደርስበታል፤ ርዝመቱ ያጥራል፤ ዳርቻው ሲቀርብም ቁመቱ ይጨምራል። በጥልቁ ባሕር ላይ ሁለት ሜትር የነበረው ለስላሳ ጉብታ ጠረፍ ሲደርስ ተገትሮ ይሰበራል። የጥንት መርከበኞች ስሌቱን አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ውኃው ጥልቀት በሚያጣበት ቦታ ላይ፣ ባሕሩ ከሥሩ የተነሣ መስሎ ሲያብጥ ያዩ ነበር። ስሙን ያወጡት ባዩት ልክ ነው።

የዛሬዎቹ የውቅያኖስ ሳይንስ መጻሕፍት «ስዌል» ይላሉ እንጂ «ግራውንድ» የሚለውን ጥምር እምብዛም አይጠቀሙበትም። ቃሉን በሕይወት ያቆዩት በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞችና ለእነሱ ትንበያ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። እነሱ አቅራቢያ ያለ ነፋስ ያነሣውን አጭር ሞገድ «ዊንድስዌል»፣ ከሩቅ የመጣውንና ጊዜው ከአሥር አሥራ ሁለት ሰከንድ የሚበልጠውን «ግራውንድስዌል» ብለው ይለያሉ። ይህ ልዩነት ለፖለቲካ ጸሐፊዎች ቢደርሳቸው ምንኛ በጠቀማቸው!

የዚህ ሞገድ አደጋ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ የአካባቢ ምልክት አለመኖሩ ነው። በደቡብ ሕንድ ኬረላ ግዛት ዓሣ አጥማጆች «ካላካዳል» ይሉታል፤ በቋንቋቸው «ሌባ ባሕር» እንደማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ጸጥ ብሎ ሳለ ባሕሩ ተነሥቶ ሰፈራቸው ውስጥ ይገባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ቃሉን ለሳይንሳዊ አገልግሎት ተቀብሎታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ በስተ ደቡብ የተነሣ ሞገድ በሦስት ቀን ገደማ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሬዩንዮን ደሴትን ሴን ፒየር ወደብ መታ። ርቀቱን ለሰዓቱ ያካፍሉት፤ ከላይ የሰጠሁትን የ20 ሰከንድ ሞገድ ፍጥነት ያገኙታል። ሞገዱ በዚያ አላበቃም፤ ከቀናት በኋላ ኢንዶኔዥያ ደረሰ።

ከሁሉ ይልቅ ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርበው ግን የጋልቨስተን ታሪክ ነው። ጋልቨስተን በቴክሳስ ጠረፍ በዝቅተኛ ደሴት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1900 ማለዳ የከተማዋ የአየር ትንበያ ኃላፊ አይዛክ ክላይን ወደ ዳርቻው ወርዶ አየ። ነፋሱ ከሰሜን፣ ማለትም ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። በደንቡ ባሕሩን ወደ ኋላ ሊገፋው ይገባ ነበር። ሞገዱ ግን ከደቡብ ምሥራቅ፣ በነፋሱ ላይ፣ በረጅም ጊዜ ልዩነት እየመጣ ዝቅተኛዎቹን ጎዳናዎች ያጥለቀልቅ ነበር። ክላይን ውኃ ነፋስን ተቃውሞ እንዲህ ሲያጥለቀልቅ ከዚያ በፊት አለመታየቱን ለዋሽንግተን በቴሌግራም አሳወቀ። በዚያው ሌሊት አውሎ ነፋሱ ራሱ ደረሰ፤ ቢያንስ 6,000 ሰው አለቀ። ነፋሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲነፍስ ሞገዱ ወደ ሌላው ከሄደ፣ ሞገዱን ያነሣው በዚያ ያለው ነፋስ አይደለም። ይህን ለፖለቲካም ይያዙት።

ቃሉ በባሕር ትርጉሙ በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ለሰው ስሜትና አስተያየት መዋል የጀመረውም ብዙ ሳይቆይ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ነው። ዘመኑን ልብ ይበሉ። እንግሊዝ የባሕር ኃይል የነበረችበት፣ የመርከብ ቋንቋ በየቤቱ የገባበት ዘመን ነው። «የሕዝብ አስተያየት» የሚባለው ነገርም ራሱን የቻለ ኃይል ሆኖ መታየት የጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያው ዘመን ምሳሌ ልጥቀስ፤ ቃሉ በትክክል የሚገባው ጉዳይ ነውና። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1787 አሥራ ሁለት ሰዎች ለንደን ላይ ተሰብስበው የባሪያ ንግድን የሚቃወም ኮሚቴ አቋቋሙ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ክዌከር የሚባለው አነስተኛ የሃይማኖት ማኅበር አባላት ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1792፣ ለፓርላማው 519 የአቤቱታ ሰነዶች ቀረቡ፤ ፈራሚዎቹ 390,000 ያህል ነበሩ። አብዛኞቹ የመምረጥ መብት እንኳን አልነበራቸውም። በየቤቱ በባሮች ጉልበት የተመረተ ስኳር አንገዛም ያሉ ሴቶች ነበሩ። ፓርላማው አንገራገረ፤ በዓመቱ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ተነሣና ጉዳዩ ጸጥ አለ። ላይ ላዩን ላየ ሰው ነገሩ የሞተ ይመስል ነበር። የባሪያ ንግዱን የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያለ ነፋስ የሚጓዝ ሞገድ ይኸው ነው፤ ያን የሃያ ዓመት ጉዞ «ማዕበል» ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ፊላዴልፊያ ላይ የሆነውን ይመልከቱ። የአሜሪካ ሪፐብሊካን ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት እጩውን ለመምረጥ ተሰብስቧል። ዌንደል ዊልኪ በሕዝብ ተመርጦ አንድም ሥልጣን ይዞ የማያውቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኃላፊ ነበር፤ ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲያውም የተቃራኒው ፓርቲ አባል ነበር። በአዳራሹ ሰገነት ላይ የተቀመጡት ታዳሚዎች «ዊልኪን እንፈልጋለን!» እያሉ ያስተጋባሉ፤ ለተወካዮቹ ቴሌግራም ይጎርፋል። በስድስተኛው ዙር ድምፅ ዊልኪ ተመረጠ። ደጋፊዎቹ ሕዝቡ ከሥር ተነሣ አሉ። ተቺዎቹ ግን ከጀርባው ያሉትን የመጽሔት ባለቤቶች፣ የዎል ስትሪት ሰዎችና በየከተማው የተደራጁትን የዊልኪ ክበቦች እየጠቀሱ ነፋሱ እዚሁ አዳራሹ በር ላይ ነው አሉ። የእኔ ሐሳብ? ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። ፈረንሳይ በዚያው ሳምንት ለጀርመን እጅ ሰጥታ ነበርና፣ ብዙ አሜሪካዊ ከባሕር ማዶ በመጣ እውነተኛ ስጋት ተናውጦ ነበር፤ ቴሌግራሙን ያስተባበሩት ሰዎች ደግሞ በዚያ ላይ የራሳቸውን ነፋስ ጨመሩበት። በባሕርም ስዌሉና የአካባቢው ሞገድ ተደራርበው የሚመጡበት ቀን ይበዛል፤ መኮንኑ የሚለያቸው ጊዜያቸውን ቆጥሮ ነው።

ስለዚህ ዘጋቢው ቃሉን ሲጠቀም ሁለት ነገር ይጠይቁ። ስሜቱ የተነሣው የትና መቼ ነው? አሁን ከሚነፍሰው ነፋስ ጋር ነው ወይስ በነፋሱ ላይ የሚሄድ? ለመጀመሪያው «ትናንት፣ በአንድ ፓርቲ ጥሪ» የሚል መልስ ካገኙ፣ ዘጋቢው ቃሉን ለማሟሟቂያ ነው ያስገባው፤ እርስዎም «ሰፊ ድጋፍ» ብለው ቢያልፉት የሚቀር ነገር የለም።

አማርኛችን ለዚህ ሞገድ የተለየ ስም ያላበጀው ለምን እንደሆነ ባሕሩ ራሱ ይመልሳል። «ማዕበል»ም «ሞገድ»ም ከግእዝ የወረስናቸው ናቸው፤ መዝሙረ ዳዊት «ማዕበልህና ሞገድህ» እያለ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ሁለቱም ግን ነፋስ ያለበትን፣ የሚያስፈራውን ውኃ ነው የሚያሳዩን። በታሪካችን በቅርብ የምናውቀው ባሕር ቀይ ባሕር ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኘውም ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚሰፋው ባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። ከደቡብ የሚመጣው ረጅም ሞገድ በዚያች በር ገብቶ ምፅዋ መድረስ አይሆንለትም። የቀይ ባሕር ሞገድ ነፋስ ሲነሣ የሚነሣ፣ ሲተኛም ብዙ ሳይቆይ የሚተኛ ነው። ጣና ላይ ደግሞ ነፋሱ ባቆመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ውኃው ይረጋል። ነፋሱን ቀብሮ የሚጓዝ ሞገድ ያላየ ሕዝብ ስም ባያወጣለት አይፈረድበትም።

ሆኖም ሐሳቡ የለንም ማለት አይደለም፤ ምሳሌውን ያመጣነው ከባሕር ሳይሆን ከጓዳ ነው። ነገር «ሲብላላ ቆየ» እንላለን፤ በመጨረሻም «ገነፈለ» እንላለን። ጠላው በጋኑ ውስጥ ማንም ሳያየው ሲሠራ እንደሚሰነብት ሁሉ፣ የሕዝብ ስሜትም ውስጥ ውስጡን ይሠራል። ለዜና ሥራ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

«ሕዝባዊ ማዕበል» የሚለውን የምጠራጠረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ድንገተኛና ኃይለኛ ነገርን እንጂ የቆየን ነገር አያሳይም። ሁለተኛ፣ በጦርነት ዘገባ ውስጥ በብዛት ወደ ምሽግ የሚጎርፍን ሠራዊት ለመግለጽ ሲያገለግል ስለኖረ ያንን ጥላ ይዞ ይመጣል። «የመሬት እብጠት» ግን ለሐኪም ይተው።

በተግባር እንሞክረው። «የቤት ኪራይ ቁጥጥር እንዲደረግ የሚጠይቅ ግራውንድስዌል አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ እንበል። ጉዳዩ ለዓመታት ሲነሣ የኖረ ከሆነ «የቤት ኪራይ ቁጥጥር ይደረግ የሚለው ሲብላላ የቆየ የሕዝብ ጥያቄ ጎልቶ ወጥቷል» ይበሉ። ገና በመምጣት ላይ ከሆነ «ውስጥ ውስጡን እየበረታ መጥቷል» ይበቃል። ጸሐፊው የባሕሩን ሥዕል ሆነ ብሎ ከዘረጋው፣ ለምሳሌ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር «አሁን ዳርቻው ላይ ደርሷል» ካለ፣ «ከሩቅ የተነሣ ሞገድ» ብለው ሥዕሉን ያቆዩለት፤ አንባቢ ይረዳዋል።

በዚህ ላይ የራሳችን የታሪክ ቃል «ግብታዊ» የሚለው አለ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት የፈነዳው አብዮት «ግብታዊ» ተብሎ ተጠርቷል፤ ድንገት፣ መሪ ሳይኖረው የተነሣ ለማለት ነው። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ፣ መምህራንም እንዲሁ ሲያድሙ ላየ ሰው በእርግጥ ድንገተኛ ነበር። ነገር ግን ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የወሎ ረሃብም ቀድሞ ነበር። «ግብታዊ» የሚለው ቃል ሞገዱ ዳርቻ ላይ ሲሰበር ያለውን ቅጽበት ይሰይማል፤ «ግራውንድስዌል» ደግሞ ከዚያ በፊት ያለውን መንገድ። አንዱን በሌላው አይተኩት።

«ታይድ» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው። እሱ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚመጣ የባሕር መሙላትና መጉደል ነው። በአብዛኛው ጠረፍ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም ለዓመታት አስቀድሞ በሠንጠረዥ ይታተማል። ስለዚህ እንግሊዝኛው «የአስተያየት ታይድ ተመለሰ» ሲል የሕዝቡ ዝንባሌ አቅጣጫውን መቀየሩን እየነገረዎት ነው፤ «የሕዝቡ አዝማሚያ ተለወጠ» ብለው ይመልሱት፤ ማዕበል የሚባል ነገር አያስገቡበት።